የመክፈቻዋ ኳስ

ኳስ ወርዋሪው ግራኝ ነው። በቤዝቦል ዓለም ስም ያተረፈለት፣ ስንቱን መቺ ያስለቀሰለት ያ ግራ እጁ ነው። ልጅ ሳለ ግን ገበታ በቀረበ ቁጥር እናቱ ያንን እጁን በመቀነቷ ጠፍራ፣ «በቀኝህ ብላ! ሰው ምን ይለኛል?» እያለች አሳሩን አብልታዋለች።

ጨዋታ በሚያቆምበት ዕለት፣ ለክብሩ ሲባል የመክፈቻዋን ኳስ እናቱ እንድትወረውር ተጋበዘች። ስታዲየሙ ጢም ብሏል።

«እማዬ፣ ኳሷ መሬት ብትወድቅም ግድ የለም» አላት፣ እንዳታፍር ሰግቶ።

እናቱ መቀነቷን ጠበቅ አደረገች። ኳሷን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና ለቀቀቻት። ኳሷ እያፏጨች ሄዳ የተቀባዩ ጓንት ውስጥ ጧ አለች። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ልጇ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ጠጋ ብላ በጆሮው፣ «ለአያትህ እንዳትነግራት!» አለችው።