ስልሳ ፍሬም በሴኮንድ

ነሐሴ ነው፤ ያውም የዶሃ ነሐሴ። አል ሙንተዛህ ሰፈር ካለው ሕንፃ በር ላይ የቆመ ጥበቃ ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ይቀቀላል። ሙሀሲን እግሩ እያበጠበት የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ ነው የሚውለው። ስለዚህ የካሜራ ክፍሉ ወንበር፣ ከነኤሲው፣ ለእሱ ከሹመት አይተናነስም።

ወንበሩ በፈተና ነው ተባለ። ድርጅቱ አዳዲስ ካሜራዎችና አንድ ምስሉ የጠራ ፎር ኬ ስክሪን ለሳምንት ሙከራ አምጥቷል። የአሮጌውንና የአዲሱን ስክሪን ልዩነት በዓይኑ የለየ ይገባል፤ ያልለየ ኸላስ፣ በሩ ላይ ይቀራል። ሌላው ተፈታኝ ጋሽ ስንታየሁ ናቸው፤ መነጽራቸው እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ ሰው።

"ጋሼ፣ እርስዎ ባይለፉ ይሻላል" አለ ሙሀሲን። እሱ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፉን ትቶ ዩቲዩብ ላይ ስለ ምስል ጥራት፣ ስለ ፒክስልና ፍሬም ሲያጠና ከርሟል።

ሱፐርቫይዘሩ ሀብተ ማርያም አንዱን ቅጂ በሁለቱም ስክሪን ከፈተው። ከድርጅቱ ስድስት ሕንፃዎች ባንዱ የተቀዳ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ጥበቃ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ወንበር ላይ ተኝቷል።

"እሺ፣ ጋሽ ስንታየሁ?"

ጋሽ ስንታየሁ ወደ አዲሱ ስክሪን ጠጋ ብለው ብዙ ቆዩ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ለእኔ ሁለቱም ያው ናቸው። ሰው ይሁን ጆንያ እንጃ።"

ሙሀሲን ሳቁን ዋጠ።

"የሰው ዓይን አይለየውም" አሉት ዞረው። "ላንተም አይታይህም።"

ቅናት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል።

"ወላሂ ይታየኛል" አለ ሙሀሲን። "አሮጌው ይንቀጠቀጣል፣ አዲሱ ወለል ያለ ነው። ስልሳ ፍሬም በሴኮንድ። የጫማው ማሰሪያ እንደተፈታ ያስታውቃል። ኮፍያው ላይ የምትሄደው ዝንብ እግሯ ይቆጠራል።"

ጋሽ ስንታየሁ እግሩን ረገጡት። ሙሀሲን ፈቀቅ አለ። ሰውዬው በዚህ ዕድሜያቸው ሊያሰናክሉት መሞከራቸው አናደደው።

"ደረቱ ላይ ያለው ባጅስ?" አለ ሀብተ ማርያም እስክሪብቶ እያወጣ። "የእኔ ዓይን እዚያ ላይ ይደክማል።"

"በአዲሱ ፏ ብሎ ይነበባል።"

"እስቲ አንብብልኝ።"

ጋሽ ስንታየሁ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሙሀሲን ወደ ስክሪኑ ተጠጋና ጮክ ብሎ፣ ፊደል በፊደል፣ የራሱን ስም አነበበ።