ድካም የማይነካው ሯጭ

የመቶ ኪሎ ሜትሩ ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሯጩ ሚስቱን መጠርጠር ጀመረ። የመገጣጠሚያ ሕመም አልጋ ላይ ካዋላት አራት ዓመት አልፏታል። ጠዋት ጠዋት ፊቷን አጥቦ፣ መድኃኒቷን አስውጦ፣ ስልኳን ከትራሷ አጠገብ ትቶላት ነው ለልምምድ የሚወጣው። ሰሞኑን ግን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሮጦ ሲመለስ ላብ እንኳ ጠብ አይለውም፤ እሷ ግን በላብ ተጠምቃ ስታለከልክ ያገኛታል። አንድ ቀን ደግሞ የእግሯ አውራ ጣት ጥፍር ልክ እንደ ሯጭ ጥፍር ጠቁሮ አየ።

"እኔ ስወጣ ተነስተሽ ትሄጃለሽ እንዴ?" አላት።

"በምን እግሬ?" ብላ ሳቀች።

ልቡ አላረፈም። ጎረቤታቸውን አብራት እንድትውል ለምኗት አመሻሽ ላይ ሲጠይቃት፣ "እኔ ልሙት፣ ከአልጋዋ ንቅንቅ አላለችም" አለችው። ይህችም ደብቃላት ይሆናል ብሎ ጠረጠረ።

ቅዳሜ ጠዋት ለማንም ሳይናገር የለመደውን መንገድ ትቶ በድንጋይ ካባው በኩል ሮጠ። ቁልቁለቱ ላይ ጠጠር አንሸራተተውና በግራ ጉልበቱ ተደፋ። ሱሪው ተቦጭቋል፤ ጉልበቱ ግን ጭረት የለበትም፣ ሕመምም አልተሰማውም።

እየሮጠ ቤቱ ደረሰ። ጎረቤታቸው በደም የራሰ ፎጣ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

"ዓይኔ እያየ፣ እንደተኛች…" ብላ ወደ ውስጥ ጠቆመችው።

ሚስቱ አልጋዋ ላይ ተደግፋ ከግራ ጉልበቷ ቁስል ጠጠር ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችው።

"ዛሬ ደግሞ በየት በኩል ነው የወሰድከኝ?" አለችው።