እስከ መንገዱ ጫፍ

"ቀስ በይ ብሮን፣ የሚያባርረን የለም" ይላል አባቷ ኪት። በአንድ እጁ ከዘራውን፣ በሌላው ክንዷን ጥብቅ አድርጎ ይዟል። ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ ከተማው አንድ ለእናቱ በሆነው መንገድ ላይ ወጥቷል።

ብሮንዊን ከሜልበርን የመጣችው አባቷ ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ ስለነበር ነው። አሁን አጥንቱ ገጥሟል፤ የእሷም ፈቃድ አልቋል። ሰኞ ወደምትነዳው የከተማ ባቡር ትመለሳለች። ይህን ልትነግረው ሳምንቱን ሙሉ አፏን ከፍታ ዘግታለች። ሲንሸራሸር ደስ ስለሚለው ለዛሬ አቆየችው።

ግሌኒስ ከዳቦ ቤቷ ብቅ ትላለች፤ እጇ ዱቄት በዱቄት ነው።

"ኪት! ልጅህ ጠቅልላ ገባች አሉ!"

"ማን ነገረሽ?"

"አንተው ነሃ! ለከተማው ሁሉ ለፍፈህ የለም እንዴ?" ወደ ብሮንዊን ዞራ በስጋ ፓይ የሞላ ከረጢት ታስታቅፋታለች። "ጎሽ የኔ ልጅ። የኔዎቹ እንደሆኑ ለገናም አይመጡ።"

ብሮንዊን ልትመልስ ስትል አባቷ ክንዷን ይጎትታል።

መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ባለቤቱ ሥራ እንደያዘላት ያበስራታል። ፖስታ ቤቱ ጋ አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ታቅፋታለች፦ "ለኔትቦል ቡድናችን ተከላካይ አጥተን ነበር። ስምሽን አስገብቼዋለሁ፣ እምቢ ብትይ አልሰማሽም!" ብሮንዊን ትስቃለች። ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል።

በመጨረሻ አግዳሚ ወንበር አግኝተው ፓዩን እየገመጡ ይቀመጣሉ።

"አባዬ፣ እኔ ሰኞ እሄዳለሁ።"

ጆሮው ላይ ያለውን የመስሚያ መርጃ ይነካካል። "ምን አልሽ?"

"ሰምተኸኛል።"

የመብራት ሽቦው ላይ የሰፈሩትን በቀቀኖች ቀና ብሎ ያያል። "ሰምቻለሁ። ሻንጣሽንም አልጋው ሥር አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምንድን ነው ቀረች እያልክ የምታወራው?"

የፓዩን ፍርፋሪ ከሱሪው ላይ ያራግፋል።

"እናትሽ ከሞተች ወዲህ በዚህ መንገድ ሳልፍ፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያየኝ።" አንገቱን ወደ ጎን ዘንበል፣ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ ያሳያታል። ሊያስቃት ነበር፤ አላሳቃትም። "ዛሬ እንዲህ ያየኝ ሰው አለ?"

"የለም።"

"እስከ መንገዱ ጫፍ ብቻ ቀረች ይበሉኝ፣ ብሮን። ሰኞ መንገድሽን አልዘጋም።"

ከዘራውን ተመርኩዞ እያቃሰተ ይነሳል። ክንዷን አይዝም፤ ቆሞ ይጠብቃታል። ብሮንዊን ተነስታ እጇን በክንዱ ውስጥ ታሳልፋለች።

ሥጋ ሻጩ ዳሪል እጁን በሽርጡ እየጠረገ ደጃፉ ላይ ይወጣል።

"ብሮን! እውነት ነው እንዴ? ቀረሽ?"

አባቷ እንደ ቅድሙ ክንዷን አይጎትትም። አቀርቅሮ የጫማውን ጫፍ ያያል።

"ቀረሁ" ትላለች።

ዳሪል ወደ ውስጥ ዞሮ ሚስቱን ይጣራል፦ "ሞሪን! እውነት ነው፣ ቀርታለች!" ከዚያም በሩን በጀርባው ደግፎ ወለል አድርጎ ይከፍትላቸዋል።

ውስጥ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ማጨብጨብ ይጀምራሉ።