ልጄን አታስተኙብኝ

ያን ጊዜ ቦሌ መንገዱም ፎቁም ባንዴ ይሠራ ነበርና፣ ብሎኬት ያልተከመረበት ደጅ አልነበረም። የዮሃና ልጅ ቴድሮስ ከክምሩ ላይ ወደቀና ክንዱ ተሰበረ። የስድስት ዓመት ልጅ፣ አርፎ ይቀመጥ ኖሯል?

እናቱ አፈፍ አድርጋው እዚያው ቦሌ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ በረረች።

ዶክተር ሣባ ራጁን አየች። "አጥንቱ ቦታውን ስቷል፤ መመለስ አለበት። እንዳያመው ሙሉ በሙሉ ማስተኛት ይቻላል። ወይም በደም ሥሩ መድኃኒት እንሰጠውና እንደ ማንቀላፋት ይላል፤ ኋላም አያስታውሰውም። እጁን ብቻ በመርፌ ማደንዘዝም አለ። ለእሱ የማንቀላፊያው ይሻላል።"

ዮሃና ከዚህ ሁሉ የሰማችው "ማስተኛት" የሚለውን ብቻ ነው። እናት አይደለች፣ ምን ታድርግ!

"ባይነቃስ?"

"ካጠገቡ አንለይም፤ ትንፋሹን እንከታተላለን። እስኪ ተረጋግተሽ አስቢበት" ብላ ወደ ቀጣይዋ ልጅ ዞረች።

ሰኚ ትባላለች፤ አያቷ ጭን ላይ ኩርምት ብላለች። የእሷም ክንድ ነው፤ በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ታስሯል።

"አባባ፣ ማን ነው እንዲህ አሳምሮ ያሰረላት?"

"እቤት ነው" አሉ ሽማግሌው ቶሎ ብለው። "የኔን ልጅ አስተኚልኝ። ምንም እንዳትሰማ!"

ዶክተሯ መድኃኒቱን ልታዘጋጅ ወጣች። ዮሃና ሽማግሌውን ገላመጠቻቸው።

"አባባ፣ አይፈሩም እንዴ? በርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ወጌሻ ነው የሚለው!"

"ወጌሻ!" ሳቅ አሉ። "ወጌሻ ምን መድኃኒት አለው? ልጁን በሁለት ጎረምሳ ያስይዝና ይጎትታል። ይኼ ጆሮዬ የልጅ ጩኸት ጠግቧል፣ ልጄ። የዚችን ግን አልችልም።"

"ወይ ፈሪ ሽማግሌ!" አለች በሆዷ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ለጎረቤቷ ለገንዘቤ ደወለች።

"ያ ጣቱ መድኃኒት ነው ያልሽኝ የጎሮው ወጌሻ... ቁጥሩን ላኪልኝ። ልጄን ሊያስተኙብኝ ነው!"

"ጋሽ ሰቦቃን? ከሳሊተ ምሕረት ድረስ ሰው የሚሰለፍላቸው! አንቺ ደግሞ፣ ምን ይዞሽ ክሊኒክ ሄድሽ? አሁኑኑ እልክልሻለሁ።"

ቁጥሩ ደረሰ። ቴድሮስ ክንዱን አቅፎ ይንሰቀሰቃል። "አይዞህ የኔ ጌታ፣ አሁን እንሄዳለን" አለችውና ደወለች።

ከጎኗ፣ በሽማግሌው ኮት ኪስ ውስጥ ስልክ ጮኸ።