አንድ ጭብጨባ

አባታችን ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ንባቡን ያቆማሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱ ላይ ያስቀምጡታል።

«ይህን የጻፉልኝ ሌሎች ናቸው» ይላሉ ለማይክሮፎኑ። «ምርጫው ለሦስተኛ ጊዜ የተራዘመው ለሰላም ነው ይላል። እኔ እንደዚያ አላስብም። ሙሽራ ሦስት ጊዜ ቀን ቢቀይርባችሁ ልጃችሁን ትሰጡታላችሁ? ለምን ብለው የጠየቁት ወጣቶች ደግሞ ታስረዋል። ይፈቱ። ይህ የግሌ ነው፤ ካጠፋሁም ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አባታችን የምላቸው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሐሙስ ማታ ትምህርታቸውን ለመስማት ሬዲዮ የሚከፍት ሁሉ ነው። ከቀረጻ ክፍሉ መስታወት ወዲህ፣ ከወንበሬ ጀርባ የቆመው ጸሐፊ ማስቲካ ማኘኩን ያቆማል። አባታችን በሚያገለግሉበት የሃይማኖት ጽሕፈት ቤት ከተሾመ ሦስት ሳምንቱ ነው። ወደዚህ ክፍል ሲመጣ የዛሬው የመጀመሪያው ነው፤ የጻፈው ሲነበብ ሊሰማ።

«ቁረጪው» ይለኛል።

«መጀመሪያ ቀረጻው ይጠናቀቅ» እለዋለሁ።

እኔ የምቆርጠው ሲያጨበጭቡ ነው። ሥራ ስጀምር የተስማማንበት ነው። ሲሳሳቱ አንዴ ያጨበጭቡና እንደገና ያነባሉ። ጭብጨባው ስክሪኑ ላይ እንደ ምስማር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከምስማሩ በፊት ያለውን ንባብ አውጥቼ እጥላለሁ። አንድ ሐሙስ ስለ ትዕግሥት ሲያስተምሩ ዘጠኝ ጊዜ አጨብጭበዋል። ስንቱ ለስህተት፣ ስንቱ ፊታቸው ላይ ትዞር የነበረችውን ዝንብ ለመግደል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን ግን እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

ጸሐፊው በትከሻዬ በኩል እጁን ሰድዶ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ይጫናል። «አባታችን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ እኮ የግል አስተያየት ነው።»

«ነው እንጂ። የሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱ ላይ ይገኝ ነበር።»

«በእርስዎ ቦታ ያለ ሰው የግል አስተያየት የለውም።»

«ሻይ ያለ ስኳር አልወድም። እሱስ?»

ጸሐፊው አይስቅም። እኔ ቁልፎቹን አያለሁ።

«የሚኖሩበት ቤት የጽሕፈት ቤቱ ነው» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ ከተላለፈ ነገ ልቀቁ ይባላሉ፤ እኔ ላስጥልዎት አልችልም። እህትዎን ያስቡ እንጂ። የአልጋ ቁራኛ ይዞ ወዴት ይኬዳል?»

ማስፈራሪያ አይደለም፣ መረጃ ነው። ከእሳቸው በፊት የነበሩትም እንዲሁ ለቀዋል። ቁም ሳጥናቸው በበሩ አልወጣ ብሎ በመጋዝ ለሁለት ሲከፈል ከዚህ መስኮት አይቻለሁ።

አባታችን መነጽራቸውን ከወረቀቱ ላይ አንስተው ያደርጋሉ።

«እሺ። ከላይ ልጀምር።»

ሙሉውን ያነቡታል። ደግሞም አሳምረው። «ለሰላም» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ያለሰልሳሉ፤ ለቀብርም ለሠርግም የሚሆነው ድምፃቸው ነው። ጸሐፊው ልጇ መድረክ ላይ እንደወጣላት እናት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይከተላቸዋል። ተናድጃለሁ፤ ግን የድምፁን ልክ ማስተካከሌን አልተውኩም።

ንባቡ ያልቃል። ወረቀቱን ለአራት ያጥፉታል። ከመነጽራቸው በላይ ያዩኛል፤ እኔን እንጂ ጸሐፊውን አይደለም። ሁለት እጃቸውን ያነሳሉ።

አንዴ ያጨበጭባሉ።

ምስማሩ ስክሪኑ ላይ ይቆማል።

ጸሐፊው ፊቱ ይፈታል። ጽሑፉን የወደዱለት መስሎታል። ቁልፉን ተጭኖ «እኔም አመሰግናለሁ፣ አባታችን» ይላል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፦ «አየሽ እህቴ፣ ትልቅ ሰው በዘዴ ሲነግሩት ይሰማል። የፊተኛውን ጣይና የኋላውን አስተላልፊ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ።» ማስቲካውን ማኘክ ይጀምራል። ወፍራሙ በር ከኋላው ሲዘጋ ትንፋሽ እንኳ አያሳልፍም።

እኔና አባታችን በመስታወት እንተያያለን። ሁልጊዜ ሲጨርሱ የሚጠይቁኝን ይጠይቁኛል።

«ዛሬ ስንት ስህተት አለብኝ?»

«አንድ።»

«ትንሽ ናት?»

«አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ፣ አባታችን።»

«ረዘመች» ይላሉ። ጠረጴዛውን ተደግፈው ይነሳሉ። የኮታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ይቆልፋሉ፣ የታችኛውን ይስቱታል። «ልጄ፣ ባዶ ካርቶን የት ይገኛል?»

«ታች ካለው ሱቅ። ጠንከር ያለውን ይምረጡ።»

«ለቤት ዕቃችን ነው። ብዙም የለንም።»

«ለእኔም አንድ ያስተርፉልኝ» እላቸዋለሁ።

ይስቃሉ። ማይክሮፎኑ አሁንም ክፍት ስለሆነ ሳቃቸው ከምስማሩ በኋላ ትናንሽ ጉብታዎች ሆኖ ይሰለፋል። ጠቋሚውን ምስማሩ ላይ አደርግና «ከላይ ልጀምር» እስካሉበት ድረስ ወደ ኋላ መጎተት እጀምራለሁ።