የስቅለት ስግደቴ

ፍልሰታን በጥሬ፣ ነነዌን በውኃ፣ ሁዳዴን ምራቄን እንኳ ሳልውጥ የምጾም ሰው መሆኔን አገር ያውቃል፤ ያላወቀ ካለም ነግሬዋለሁ። በስቅለት ዕለት ግን ራሴን በለጥኩ። ገና በስድስት ሰዓት፣ ምእመኑ ሁሉ እየወደቀ እየተነሣ ሲሰግድ፣ እኔ ግንባሬን መሬት ላይ ተክዬ ቀረሁ።

«ጋሽ ይልቃል ዘንድሮስ ጸደቁ!» አለች አንዷ ጎረቤቴ።

«እንባቸውን አታዪም? ምንጣፉን አራሱት እኮ!» አለች ሌላዋ።

ባለቤቴ አትጠገብ ሰምታ መጣችና አጠገቤ ተንበረከከች።

«ወገቤን ይዞኝ ነው፤ መነሣት አቃተኝ። በእመቤታችን፣ አንሺኝ!» አልኳት በሹክሹክታ።

ግራ ቀኝ አየች። ነጠላዋን አለበሰችኝና በጆሮዬ፣ «ዝም በል! ዕድሜ ልክህን በወሬህ ስታሳፍረኝ ኖረሃል፤ እስቲ ዛሬ እንኳ ልኩራብህ» ብላኝ ወደ ስግደቷ ተመለሰች።