የዓለምነው አርባ ሦስት አገሮች

ዓለምነው ከአማኑኤል ከተማ ሳይወጣ አርባ ሦስት አገር የዞረ ብቸኛ ሰው ነበር። ሰዉ እንዲህ እያለ ይስቅበት ነበር፤ ማክሰኞ ዕለት ሞተና ሳቁ ለግማሽ ቀን ያህል ቆመ።

የእህል ሱቅ ነበረው። ሱቁ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከበዓል ቀን በቀር ተዘግቶ አያውቅም። ግድግዳው ግን ከጣሪያ እስከ ወለል ፎቶ ነው፦ በረዶ ላይ የቆሙ ወፎች፣ በጀልባ የሚሸጥ ሽንኩርት፣ አሸዋ የዋጠው ቤት። ጤፍ ሊገዛ የገባ ሁሉ አንድ አገር ሳይሰማ አይወጣም። "እዚህ ስደርስ ብርዱ ሁለት ጣቴን በላኝ" ይላል፣ በዐሥሩም ጣቶቹ ጤፉን እየዛቀ።

በአንዱም ፎቶ ላይ እሱ የለም። "ፎቶ አንሺ ራሱን ያነሳል እንዴ?" ብሎ ያልፈዋል። ደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት ከውጭ የሚመጡት ትልልቅ ፖስታዎች እንኳ በሚስቱ በሥራነሽ ስም ነበሩ፤ ተንኮሉ እስከዚያ ድረስ ነው። ሥራ የፈቱ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር ደርሰውበታል። አዲስ አገር የሚጨምረው ሥራነሽ ጠበል ሰንብታ ስትመለስ ነው። ምስኪኗ ወገቧን ያማታል፤ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ወር ጠበል ትሄዳለች። ብቻውን ሲሆን ቁጭ ብሎ ውሸት ይፈበርካል ማለት ነው፣ አሉ።

በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የመጻፉ ሥራ ለመምህር መሳፍንት ተሰጠ። ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ በከተማው የሞተ ሁሉ ያለ እሱ ብዕር አይቀበርም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሥራነሽ አጠገብ ተቀመጠ።

"እትዬ፣ የአገሮቹን ነገር እንተወው" አለ።

"ለምን ይቀራል?"

"ቤተ ክርስቲያን የሚነበብ ነዋ! በሬሳ ፊት ውሸት አላነብም።"

"ውሸት አይደለም ልጄ። አገሮቹ ሁሉ ታይተዋል።"

"እንግዲያው ፓስፖርቱን ያሳዩኝ።"

ሥራነሽ ግራ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አየችው። ሰው ስታይ ልማዷ ነው።

"የእሱ ፓስፖርት የለም" አለች።

መሳፍንት ፍርድ እንደ ሰጠ ዳኛ ብዕሩን ከደነ።

"አደራህን" አለች። "አገሮቹን ብቻ ጥራቸው። የሰው ዕድሜ ያለቀበት ነገር ነው፤ አንዴ እንኳ ሕዝብ ይስማው። ሌላ ምንም አልለምንህም።" እንባዋን ጠረገች። ሁለቱ ጣቶቿ ጫፍ የላቸውም፤ አንድ ዓመት ጠበል ሰንብታ ስትመጣ መጥረቢያ ቆረጠኝ ብላ ነበር።

"እርስዎ ምን ያውቃሉ፣ እትዬ? ከጠበል በቀር የት ደርሰው!"

ለቀስተኛው ራሱን ነቀነቀ። አዘነላት። ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሷንም ሲያታልላት ኖሯል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነበበ። "አቶ ዓለምነው በአማኑኤል ተወልደው፣ በአማኑኤል ነግደው፣ በአማኑኤል አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሥራነሽ የቤት እመቤት ናቸው።" ሕዝቡ እውነት በመስማቱ ረካ። ሥራነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እስኪያልቅ ቆመች።

አርባው በወጣ በሦስተኛው ቀን ሻንጣ ይዛ መንገድ ዳር ወጣች። መሳፍንት አገኛት። ኅሊናው ትንሽ ቆጥቁጦት ስለ ነበር ሻንጣውን ተቀበላት።

"ወዴት ነው፣ እትዬ?"

"ጠበል።"

"ይበጅዎታል። የሰሙትን ውሸት ሁሉ ያጥብልዎታል።"

የደብረ ማርቆስ ሚኒባስ መጣ። ሻንጣውን ሽቅብ ሲያነሳ ዚፑ ተከፈተና በላስቲክ የታሰሩ አምስት ፓስፖርቶች እግሩ ሥር ወደቁ። ያዝኩህ፣ አለ በልቡ፤ ሟቹ የሐሰት ማኅተም ሁሉ አስመትቶ ኖሯል። አንዱን ገለጠ። ሁለተኛውን ገለጠ። የቀሩትንም እየተጣደፈ ገለጠ።

ከአምስቱም ውስጥ፣ ግራ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ፣ ሥራነሽ ታየዋለች።